ድረ ገጹ ተሠራ፤ ሥራው ግን አላለቀም



በየዶርሙ ማታ ማታ ላፕቶፕ ከፍቶ ድረ ገጽ መሥራት የሚለማመድ ተማሪ አይጠፋም። አንዳንዱ የኮምፒውተር ሳይንስ ወይም የሶፍትዌር ተማሪ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ እኛ ሌላ የምህንድስና ትምህርት እየተማረ ከዩቲዩብ የለቀመ ነው። ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ከዚያም ሪአክት ወይም ላራቬል እያልን እንቀጥላለን። ጥሩ ነው። እነዚህ ሁሉ ግን የሚያስተምሩን ገጹን መገንባት ነው። የተገነባው ገጽ ሰው እጅ ከገባ በኋላ ምን እንደሚገጥመው የሚያስተምረን ጥቂት ነው። እኛ ይህን የተማርነው የሰው ሥራ ይዘን ተሳስተን ስለሆነ ከስህተታችን እንጀምር።

የመጀመሪያ ሥራችንን ሦስት ሆነን ያገኘነው ከመካከላችን የአንዱ አጎት ከሆኑ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ሒጃብ፣ ጀለቢያና የቀሚስ ጨርቅ ይሸጣሉ። «ልጆቼ፣ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው፤ ለእኔም አንድ ነገር ሥሩልኝ» አሉን። በሦስት ሳምንት ጨረስን። ፎቶዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ እየተንሸራተቱ ይመጣሉ፣ ጽሑፉ ቀስ እያለ ብቅ ይላል፤ እኛ በጣም ወደድነው። ሱቃቸው ሄደን ሐጂ በራሳቸው ስልክ እንዲከፍቱት አደረግን። ገጹ እስኪመጣ ሻይ አዝዘውልን ሻዩ ቀድሞ መጣ። ገጹ ሲከፈት ወደ ላይ ወደ ታች አደረጉትና «ማሻአላህ፣ ያምራል። ግን ደንበኛ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዋጋና ቀለም ነው፤ እሱ የታለ? የሱቁስ ስልክ ቁጥር የት ገባ?» አሉን።

ስልክ ቁጥሩ ከገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር። ዋጋ አልነበረም። ይህን አስተካከልን። የባሰው የመጣው በዓመቱ ነው፤ በረመዳን መጨረሻ፣ የዒድ ገበያ በደራበት ሰሞን ገጹ ከነአካቴው ጠፋ። ለምን እንደጠፋ በቦታው እንነግራችኋለን። ከዚህ በታች ያሉት ነጥቦች ያኔ ብናውቃቸው ኖሮ የምንላቸው ናቸው።

1. መጀመሪያ መጠየቅ

ኮድ ከመክፈታችን በፊት አንድ ሰዓት ሱቁ ውስጥ ብንቀመጥ ይበቃን ነበር። የሚገባው ሰው ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ «ስንት ነው? ጥቁሩ አለ? የሚከፈተው እስከ ስንት ሰዓት ነው?» የገጹ የመጀመሪያ እይታ እነዚህን ሦስቱን ቢመልስ ሥራው ግማሽ ደረሰ ማለት ነው።

ሥራ ስትቀበሉ እነዚህን ጠይቁ፦ ይህን ገጽ የሚከፍተው ማን ነው? በምን ዓይነት ስልክ? ከፍቶ ምን ማድረግ ይፈልጋል? ዛሬ ያለ ድረ ገጽ ይህ ሥራ እንዴት እየተሠራ ነው? እኛ ከሄድን በኋላ ዋጋውን የሚቀይረው ማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ አይዘለል። ባለቤቱ ራሱ ሊቀይረው የማይችል ዋጋ በሁለት ወር ውስጥ ውሸት ይሆናል።

ከጥያቄው በኋላ አንዳንዴ የሚመጣው መልስ «ለእርስዎ ሥራ የቴሌግራም ቻናል ይበቃል» የሚል ሊሆን ይችላል። ይህን መናገር ገንዘብ ያሳጣናል፤ ግን እውነቱ ያ ከሆነ መናገር አለብን።

2. ስምምነትን መጻፍ

ከሐጂ ጋር ምንም አልጻፍንም። «ዘመድ ነን» ብለን ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ብድርን ስለመጻፍና ስለማስመስከር መሆኑን መድረሳ ላይ ተምረናል፤ ወደ ሥራ ስንገባ ግን ወረቀት ማውጣት አለመተማመን መሰለን። ያለ ጽሑፍ የሆነው ይህ ነው፦ «አንድ ትንሽ ነገር ጨምሩልኝ» እየተባለ ሥራው እጥፍ ሆነ፤ እኛም ውስጣችን ቅር አለው፣ ሐጂም ለምን እንደምንዘገይ አልገባቸውም።

አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል፣ ማስተካከያው ስንት ጊዜ እንደሆነ ይጻፍበት። በየዓመቱ የሚመጣው ወጪም እንዲሁ። የዶሜይን ስምና የሆስቲንግ ክፍያ እንደ ቤት ኪራይ ተመላላሽ ነው፤ አንዴ ተከፍሎ አያልቅም። ነጋዴው ይህን ከመጀመሪያው ካላወቀ በዓመቱ የሚደርሰው ሂሳብ ተንኮል ይመስለዋል።

3. የሰውን ዳታ ማሰብ

ሻዩ ከገጹ የቀደመው ለምንድን ነው? ፎቶዎቹን ከካሜራ እንደወጡ ስለጫንናቸው ነው። አንዱ ፎቶ 4 ሜጋባይት ያህል ነበር፤ 12 ፎቶ ማለት 48 ሜጋባይት ነው። 1 ጊጋባይት ጥቅል የገዛ ሰው ከእንዲህ ዓይነት ገጾች ሃያ ያህሉን ቢከፍት ጥቅሉ ያልቃል። በግቢው ዋይፋይ ስንሞክረው ፈጣን ስለነበር አልታየንም፤ የምንሞክረው በራሳችን ላፕቶፕ እንጂ በደንበኛው ስልክ አልነበረምና።

መፍትሔው ቀላል ነው። 4000 በ3000 ፒክስል የሆነ ፎቶ 12 ሚሊዮን ነጥብ ይይዛል። ስልክ ላይ በደንብ ለሚታይ ፎቶ 800 በ600 ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ይህ 480,000 ነጥብ ነው፣ ከመጀመሪያው 25 ጊዜ ያንሳል። ፎቶውን ማሳነስ፣ ዌብፒ ወደሚባለው ቀላል ዓይነት መቀየር፣ ከታች ያሉት ፎቶዎች ሰው እስኪደርስባቸው እንዳይወርዱ ማድረግ፤ ይኸው ነው። ክሮም ብራውዘር ውስጥ ኔትወርኩን ሆን ብሎ የሚያዘገይ መሞከሪያ አለ። ከማስረከባችሁ በፊት በእሱ ፈትኑት፤ ከዚያም ርካሽ ስልክ ተዋሱና በሞባይል ዳታ ክፈቱት።

እዚሁ ላይ የዓይነ ስውራንን ነገር አንርሳ። በየግቢው ጽሑፍን ጮክ ብሎ በሚያነብ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ተማሪዎች አሉ። ፕሮግራሙ ፎቶን በአስተማማኝ ሁኔታ ማንበብ አይችልም፤ በዋናነት የሚያነበው በኮዱ ውስጥ ከፎቶው ጋር የጻፍንለትን መግለጫ ነው። ማስታወቂያን በሙሉ በፎቶ አድርጎ መለጠፍ ለእነሱ ባዶ ወረቀት መለጠፍ ነው። አጥርቶ ለማያይ ሰውም የጽሑፉና የመደቡ ቀለም ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ይጠይቃል። ነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ያምራል፤ አይነበብም።

4. በራሳችን ቋንቋ በትክክል መሥራት

ይህን ክፍል የውጭ ቪዲዮዎች አያስተምሩትም፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እናየዋለን።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ዛሬ አብዛኛው ዘመናዊ ስልክ ያነበዋል። ግን ዳታቤዙ በዩቲኤፍ-8 ካልተዘጋጀ የጻፍነው ስም ተመልሶ ሲመጣ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ይሆናል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚልክ ሥርዓት ከሠራችሁም አንዱ መልእክት በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል። ስለዚህ «ምዝገባዎ ተጠናቋል» የሚለውን መልእክት ያለ ስሌት ብታስረዝሙት የደንበኛችሁ ወጪ እጥፍ ይሆናል።

ሁለተኛው የፍለጋ ጉዳይ ነው። ለእኛ «ሐሰን»ና «ሀሰን» አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሐ እና ሀ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ዐብዱ እና አብዱ፣ ሰዒድ እና ሰኢድ እንዲሁ። የመዝገብ ጸሐፊው በአንዱ ጽፎ ፈላጊው በሌላው ሲጽፍ «አልተገኘም» ይላል። በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ሰው አልተመዘገበም ተብሎ ይመለሳል፤ ወይም ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። መፍትሔው ስሙን ሰው እንደጻፈው ማስቀመጥ፣ ከጎኑ ደግሞ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ቅጂ መያዝ ነው። በዚያ ቅጂ ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው ይቀየራሉ። ፈላጊው የጻፈውም እንደዚያው ተቀይሮ ይነጻጸራል። ዋናውን ስም ግን አትንኩት። ስሙን በሐ ወይም በዐ የጻፈ ሰው የዐረብኛውን ድምፅ አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ የራሱ ነው።

ሦስተኛው ቀንና ሰዓት ነው። የልደት ቀን መሙያው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ካሳየ ብዙ ሰው የሚያውቀውን የኢትዮጵያ ዓመት እዚያው ያስገባል፤ ዕድሜው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይዛባል። ወሮቹ 12 ብቻ ከሆኑ ደግሞ በጳጉሜ የተወለደ ሰው የሚመርጠው ያጣል። የጃቫስክሪፕት ኢንትል የተባለው ክፍል የኢትዮጵያን አቆጣጠር ስለሚያውቅ ቀኑን አሳምሮ ማሳየት ይቻላል። ሰዓቱም ያው ነው። «ምዝገባ 6:00 ላይ ይዘጋል» ብትሉ ግማሹ ሰው ቀትር ላይ ይመጣል፤ ሥርዓቱ ግን ንጋት ላይ ዘግቶ ጨርሷል። «ከቀኑ 6 ሰዓት» ብሎ መጻፍና ውስጡን በዚያው መሠረት ማስላት ክርክር ያስቀራል።

5. የተሰጠንን ምስጢር መጠበቅ

አንድ ተማሪ ውጤቱን ሲያይ በአድራሻው መጨረሻ ላይ 57 የሚል ቁጥር ያያል እንበል። ቁጥሩን 58 ሲያደርገው የሌላ ተማሪ ውጤት ቢመጣ ስህተቱ የማን ነው? የሠሪው ነው። ሥርዓቱ «ገብተሃል ወይ?» ብሎ ጠየቀ እንጂ «ይህን ማየት ይፈቀድልሃል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። ኦዋስፕ የተባለው የድረ ገጽ ደኅንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአሥር አደገኛ ክፍተቶች ዝርዝር አንደኛ ያስቀመጠው ይህንኑ ዓይነት የፈቃድ ክፍተት ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ እንለፍ። የይለፍ ቃልን እንደተጻፈ አታስቀምጡ፤ ቢክሪፕትን በመሰለ ዘዴ ተመልሶ እንዳይነበብ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሰው ከሞላው ቅጽ የመጣን ጽሑፍ በቀጥታ ከዳታቤዝ ትእዛዝ ጋር አትቀጥሉ፤ ተንኮለኛ ሰው በስም ቦታ ትእዛዝ ሊጽፍበት ይችላል። ገጹ በኤችቲቲፒኤስ ይከፈት፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን የምስክር ወረቀት ሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ ይሰጣል። የዳታቤዙን የይለፍ ቃል ኮዱ ውስጥ ጽፋችሁ ለሕዝብ ክፍት በሆነ የጊትሃብ ገጽ ላይ አትጫኑ።

ከሁሉ በፊት ግን የማያስፈልገውን አለመጠየቅ ይቀድማል። ለኢፍጣር ስንት ሰው እንደሚመጣ ለማወቅ የምትሠሩት ቅጽ ስልክ ቁጥር፣ የዶርም ቁጥርና ፎቶ ለምን ይጠይቃል? የእህቶች ስልክ ቁጥር የያዘ ዝርዝር አንዴ ከወጣ አይመለስም። ያልሰበሰብነው ነገር ከእጃችን አይሰረቅም። ይህ የአደብ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። የሰው መረጃ የሚሰበስብ ሥርዓት የሚሠራ ሰው አዋጁን አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ቢያነበው ይጠቅመዋል።

6. ቅጂ መያዝ፣ ቅጂውንም መሞከር

መድረሳ የተማርን ሎሕ እናውቃለን። የተጻፈው ትምህርት ከመታጠቡ በፊት ኡስታዙ ያዳምጠናል፤ በቃላችን መያዛችን ሳይረጋገጥ ሎሑ አይታጠብም። ባክአፕ ላይ ብዙዎቻችን ይህን ረስተናል፤ ቅጂው መኖሩን እናምናለን እንጂ «አዳምጠነው» አናውቅም።

የትልልቆቹንም ታሪክ ስሙ። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 የጊትላብ ኩባንያ መሐንዲስ ሌሊት አንድ የዳታቤዝ ችግር ሲያስተካክል በሁለተኛው ሰርቨር ላይ ማጥፋት የነበረበትን ፋይል በዋናው ሰርቨር ላይ አጠፋ። ወዲያው ነቅቶ ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። ቅጂ ለመያዝ የተዘጋጁት አምስቱ መንገዶች ሲታዩ በትክክል ይሠራ የነበረ አልተገኘም። አንደኛው ለብዙ ጊዜ ሳይሳካ ቆይቷል፤ አለመሳካቱን የሚያሳውቁት ኢሜይሎችም ሳይደርሱ ቀርተዋል። ያዳናቸው ያው መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት የያዘው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓት ሥራ ጠፋ። ኩባንያው ግን የሆነውን ሁሉ ለሕዝብ በግልጽ ጻፈ፤ የማስመለሱን ሥራም በቀጥታ አሳየ። ከዚህ የምንወስደው ሁለት ነገር ነው፦ ቅጂን መሞከር፣ ስንሳሳትም አለመደበቅ።

ለእኛ የሚበቃ ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቦታው ውጭ። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ቅጂውን ባዶ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ማስነሳት። ለኮዱ ጊትን ልመዱ። ጊትን ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ብዙ ሰዎች አንድን ኮድ ሳይጋጩ እንዲሠሩበት ነው። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣ «እውነተኛ የመጨረሻ» የሚሉ ፎልደሮች ያሉት ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልገው ያውቃል። ለውጥ ስታስቀምጡ የምትጽፉት አጭር ማስታወሻም «አስተካከልኩ» ብቻ አይሁን፤ ምን እንደተስተካከለና ለምን እንደሆነ ይናገር። ከስድስት ወር በኋላ የሚያነበው እናንተው ናችሁ።

7. ማስረከብ

አሁን ወደ ሐጂ እንመለስ። ገጹ የጠፋው የዶሜይን ስሙ የዓመት ክፍያ ስላለፈበት ነው። ማስጠንቀቂያው በተደጋጋሚ ተልኮ ነበር፤ የተላከው ግን ከሦስታችን አንዱ ተማሪ እያለ ይጠቀምበት ወደነበረው ኢሜይል ነው። እሱ ተመርቆ ሄዷል፤ ያን ኢሜይል አይከፍተውም። የዶሜይኑ ባለቤት ሆኖ የተመዘገበውም እሱ እንጂ ሐጂ አልነበሩም። በሱቃቸው ቦርሳና በካርዳቸው ላይ ያሳተሙት አድራሻ በሌላ ሰው ስም ነበር ማለት ነው።

ልጁን እስክናገኘው፣ እሱም የይለፍ ቃሉን እስኪያስታውስ ዒድ አለፈ። ጊዜው ያለፈበት ዶሜይን ለቀድሞው ባለቤት የማስመለሻ ጥቂት ሳምንታት ብዙ ጊዜ ይኖሩታል፤ ክፍያው ግን ከመደበኛው ይበልጣል። እኛው አዋጥተን ከፈልን። ሐጂ አልተቆጡም። «የኔ ልጆች፣ ቁልፉን ከእኔ ጋር ብትተዉት ኖሮ» ብቻ አሉን። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ስለዚህ ሥራ ሲጀመር ዶሜይኑም ሆስቲንጉም በባለቤቱ ስም፣ በባለቤቱ ኢሜይልና በባለቤቱ ስልክ ይመዝገብ። ኢሜይል ከሌላቸው አብራችሁ ክፈቱላቸው። በመጨረሻው ቀን ሁለት ገጽ ወረቀት አስረክቡ፦ ምን የት እንዳለ፣ ክፍያው በየትኛው ቀን እንደሚደርስ፣ ዋጋ እንዴት እንደሚቀየር፣ ችግር ሲመጣ ማንን መጥራት እንዳለባቸው። የይለፍ ቃሎቹን ለእሳቸው ብቻ ስጡ፤ በግሩፕ ቻት አትላኩ። ከዚያ እናንተ ዝም ብላችሁ ተቀመጡና እሳቸው ራሳቸው አንድ ዋጋ እንዲቀይሩ አድርጉ። ካልቻሉ ገና አላስረከባችሁም።

ይህ ነገር በጀመዓችንም አለ። በየዓመቱ ኃላፊው ይመረቃል፤ የቴሌግራም ቻናሉ፣ የኢሜይሉና የገጹ ቁልፍ አብሮት ይሄዳል። በዚህ ሴሚስተር ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ «የማን እጅ ላይ ምን አለ?» የሚል ዝርዝር ቢያዘጋጅ ትልቅ ሥራ ነው።

ለመጀመር

ሁሉንም በአንዴ መልመድ አይቻልም። ካሁን በፊት የሠራችሁት አንድ ገጽ ካለ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር አድርጉ። በሞባይል ዳታ ክፈቱትና እስኪመጣ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ቁጠሩ። «ሐሰን» ብላችሁ መዝግባችሁ «ሀሰን» ብላችሁ ፈልጉ። ከዚያም ዶሜይኑ በማን ስም እንደተመዘገበና መቼ እንደሚያልቅ እዩ። የሚገኘው ነገር ቀጥሎ ምን መማር እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

የሐጂ ገጽ ዛሬ ይሠራል። ፎቶዎቹ አነሱ፣ መንሸራተታቸውም ቀረ፤ ዋጋው ከላይ ነው፣ ዶሜይኑም በስማቸው ነው። ባለፈው ሱቃቸው ስንሄድ ገጹ ሻዩ ሳይቀዳ ተከፈተ፤ የአንዱን ሒጃብ ዋጋም ራሳቸው ቀየሩት።